አልጋ ገፊው ያስተማረው ቁጥር

ሰውየው ሆስፒታል ውስጥ አልጋ ገፊ ነበር። በሽተኛውን ከተኛበት ክፍል አንስቶ በባለጎማ አልጋ እስከ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ያደርሳል፤ ሥራው ይኸው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ገፋ። በስሙ የሚጠራው የለም፣ ሁሉም «ሹፌሩ» ነው የሚለው። ቅጽል ስሙን ያወጣው ራሱ ነው ማለት ይቻላል፤ አልጋውን ከማንቀሳቀሱ በፊት ለበሽተኛው፣ «ሹፌሩ እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ ግን እስከ ዛሬ ማንንም አልገጨሁም» ይል ነበርና። በፍርሃት ከንፈሩ የደረቀ ሰው እንኳ ይህን ሲሰማ ትንሽ ፈገግ ይላል።

መንገዱ ረጅም ነው። ኮሪደሩ አለ፣ ሊፍቱ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ተራ የሚጠበቅበት ማቆያ ክፍል አለ። ሹፌሩ በዚያ ሁሉ መንገድ ያወራል። አንዱን ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል፣ ከሌላው ጋር ስለ ኳስ ይጨቃጨቃል፣ ማውራት ያልፈለገውን ዝም ብሎ እጁን ይይዘዋል። ይህን አድርግ ብሎ ማንም አላዘዘውም። የትም አልተጻፈም። ያልተጻፈ ሥራ ደግሞ ሲሠራም አይታይ፣ ሲቀርም አይታይ።

አንድ ቀን መነጽሩ መጣ። ዓይንን ግጥም አድርጎ የሚሸፍን፣ ማዳመጫ ያለው ጥቁር ነገር ነው። ያደረገው ሰው ባሕር ዳር የተቀመጠ ይመስለዋል፤ ማዕበሉ ቀስ እያለ ይመጣል፣ አንዲት ሴትም በለስላሳ ድምፅ «ወደ ውስጥ ተንፍሱ፣ ወደ ውጪ ተንፍሱ» ትላለች። ሹፌሩም ሞከረው። «ወይ ጉድ፣ እግሬ የረጠበ መሰለኝ» አለ። አልጠላውም። አንዳንዱ በሽተኛ በእውነት ሲረጋጋበት በዓይኑ አይቷል።

ክፋቱ ቁጥሩ ላይ ነበር። የማቆያ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሥርዓቱን ለሠራተኞቹ ነገረቻቸው። በሽተኛው ሩብ ሰዓት መነጽሩን ያደርጋል፣ ከዚያ «ፍርሃትዎ ከአንድ እስከ አስር ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ያለው ቁጥር ቅጽ ላይ ይጻፋል። ከአምስት በላይ ያለ ሰው ያን ቀን አይሠራለትም፤ ሌላ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት ከሩቅ የመጡ እናት «ዘጠኝ» አሉ። መለሷቸው። ወር ሙሉ ተራ ጠብቀው የመጡ ሴት፣ ጫማቸውን ፌስታል ውስጥ እንደያዙ ኮሪደሩ ላይ ሲያለቅሱ ሹፌሩ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሊፍቱ ውስጥ ወደ በሽተኛው ጎንበስ ይልና፣ «ሲጠይቁህ ሁለት በል። አንድ ካልክ አያምኑህም» ይል ጀመር። ሁሉም ሁለት አለ። የሚንቀጠቀጠውም ሁለት፣ ጸሎት የሚያደርሰውም ሁለት።

በሦስተኛው ወር ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ዶክተር ቆሞ፣ መነጽሩ ከመጣ ወዲህ የበሽተኞች ፍርሃት ወደ ሁለት መውረዱን ከሪፖርቱ አነበበ። ተጨበጨበ። ሹፌሩም አጨበጨበ፣ ምን ያድርግ። ዶክተሩ ቀጠለና፣ «ስለዚህ ካሁን በኋላ በሽተኛን በመንገድም በማቆያም ማናገር አያስፈልግም፣ ወሬ ይረብሻል» አለ። ሰው ሁሉ ወደ ሹፌሩ ዞረ። በሳምንቱ ወደ ልብስ ማጠቢያ ክፍል አዛወሩት። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል፤ እሱ ግን ሌላውን ላውጣ ብሎ ቆፍሮ ራሱ ገባበት።

ለራሱ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብሎ ይተወው ነበር። የጨነቀው የእህቱ ነገር ነው።

ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ሐሞቷ ውስጥ ጠጠር አለ። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዛ ሁለቱንም ጊዜ ፈርታ ከሆስፒታሉ በር ተመልሳለች። ሐኪሙ፣ «ካሁን በኋላ ከቆየ ለሕይወትሽ ያሰጋል» ብሏታል። ሹፌሩ ገና ሳይዛወር ለምኖ ለምኖ አሳመናት።

«እስከ በሩ እጅሽን አልለቅም» አላት።

«ትለቃለህ። ልጅ ሆነህም ገበያ ላይ እጄን እየለቀቅክ ነው ያቃጠልከኝ።»

«አሁንማ ሸምግያለሁ፣ እትዬ። ግን ስሚኝ፤ ፍርሃትሽ ስንት ነው ብለው ሲጠይቁሽ ሁለት በይ፤ ከአምስት በላይ ካልሽ ይመልሱሻል። ደጋግመው ቢጠይቁሽም እንዳትለውጪ።»

ቀኑ ሲደርስ ሲስተር ዘንድ ሄዶ አጠገቧ ልሁን ብሎ ለመነ። «ለአንተ ከፈቀድኩ ለሁሉም ልፈቅድ ነው» አለችው፤ ክፉ ሰው ሆና አይደለም፣ ቅጹን እየሞላች ነበር። እሱ ግን አንሶላ የሚያመላልስበትን ጋሪ እየገፋ፣ ሥራ ያለው መስሎ ማቆያ ክፍሉ በር ላይ ደረሰ።

እህቱ መነጽሩን አድርጋ ተኝታለች። ግራ እጇ ከአንሶላው ወጥቶ የአልጋውን ጠርዝ ይዳብሳል። ይሄዳል፣ ብረቱን ይነካል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። የእግሮቿ ጣቶች ተኮማትረዋል፣ አንሶላው ጉልበቷ ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲስተር ማዳመጫውን ከፍ አድርጋ ጠየቀቻት።

«ሁለት» አለች እህቱ።

ሹፌሩ ጋሪውን ትቶ ገባ። «ሲስተር፣ ውሸት ነው። ሁለት በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እሷን ብቻ አይደለም። ሁሉንም እኔ ነኝ ያስባልኳቸው። አትመልሷት፣ እጇን ብቻ ልያዝ።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አየችው። ያዘነችለት ትመስላለች። «ሹፌሩ፣ ከዚህ በመነሳትህ እንደከፋህ አውቃለሁ። ግን በሦስት ወር ሥራችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።»

«ራሷን ጠይቂያት።»

ሲስተር እንደገና ማዳመጫውን ከፍ አደረገች። «እናቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ፍርሃትዎ ስንት ነው?»

«ሁለት ነው ልጄ» አለች እህቱ ቶሎ ብላ። «አልለውጥም፣ ሁለት ነው።»

«እትዬ» አለ ሹፌሩ። ማዳመጫው ግን ጆሮዋ ላይ ተመልሷል። አንድ ወጣት ገፊ መጣና፣ አንድ ቃል ሳይናገር፣ እንደታዘዘው፣ አልጋውን ገፍቶ አስገባት። ሲስተር ሁለት ብላ ጻፈች።

ኦፕራሲዮኑ በደንብ አለቀ። ጠጠሩም ወጣ። በማግስቱ በጥየቃ ሰዓት ሹፌሩ ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ ሄደ። እህቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«ደህና አደርሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«እዚያው ነበርኩ፣ እትዬ። አጠገብሽ።»

«እኔ ያየሁት ባሕር ነው» አለችው። «ልቤ ሊወጣ ነበር። ለማን ልንገር? ከተናገርኩ ይመልሱኛል አልከኝ። እጄን ብዘረጋ ብረት ነው።»

ሹፌሩ ሾርባውን ቀዳ፣ አልተቀበለችውም፣ መልሶ ፔርሙዙ ውስጥ ገለበጠው።

«ስፌትሽ ማክሰኞ ነው የሚፈታው» አላት። «አስፈቅጄ አብሬሽ እገባለሁ።»

«ተወው» አለች። «አንተ ሥራህን ሥራ። ጎረቤቴን ይዤ እመጣለሁ።»