ድምፅ የሌላት መኪና

ጋሽ ሳሊህን በደንብ አላውቃቸውም፤ የማውቀው የአሮጌ መኪናቸውን ኳኳታ ነበር። ከተበላ ከተማ ወደ ሶዶ ሙዝ ያመላልሳሉ። የመንገድ ዳር ገበሬ ኳኳታውን ከሩቅ ሲሰማ ሙዙን ተሸክሞ ይወጣል።

ዘንድሮ አዲስ መኪና ገዙ። ትናንት እኔም የሙዝ ዘለላዬን ይዤ፣ ጆሮዬን ቀስሬ ስጠብቃቸው አጠገቤ ደርሰው አለፉ። ዓይኔ አይቷቸዋል፤ ኳኳታ ስላልነበረ ግን ሌላ ሰው መሰሉኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴ የጠቀመኝ ይህን ያህል ነው።

ፈንጠር ብለው ቆሙና እየሳቁ ወደ ኋላ ተመለሱ።

«አንተም እንደ ሌሎቹ ገበሬዎች በጆሮህ ነው የምታየው?» አሉኝ። «አሮጌዋ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ባንዴ ትረጨው ነበር። ባንዴ ሲቀጣጠል ይጮሃል፣ ያጨሳል። ይቺ አዲሷ መጀመሪያ ትንሽ ጠብ ታደርግና እሳቱን ቀስ ብላ ታስነሳለች። ከዚያ ዋናውን ትረጫለች፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጨምራ ጥላሸቱን ታቃጥላለች።»

«ታዲያ ጥሩምባ አይነፉም?»

«ጥሩምባማ ሁሉም ሾፌር ይነፋል። እኔ መሆኔን በምን ይለዩ?»

ወደ ኋላ አየሁ፤ ጭነቱ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ዝም ማለት ሲገባኝ፣ «አሮጌዋን በመሸጥዎ ይቆጭዎታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

ጋሽ ሳሊህ መሪውን ጨበጡ።

«ሙዝህን ጫንና ግባ» አሉኝ።