ከሕይወት ታሪኳ የወጡት ሦስት ገጾች

በቤተ ክርስቲያናችን ለቀብር የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ሲያስፈልግ ብዙ ጊዜ ወደ እኔ ይመጣሉ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ጽሕፈቴም ይነበባል። የታላቅ እህቴን ግን እሷው ራሷ በሕይወት እያለች አጻፈችኝ።

ወላይታ ውስጥ ዱቦ ነበር የምትኖረው። ከሶዶ በሚኒባስ ሄጄ የቀረውን በእግሬ እጨርሳለሁ። እሷ ታማ አልጋ ላይ ሆና በወላይትኛ ትነግረኛለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ በአማርኛ እጽፋለሁ። ልጅነቷንና ትዳሯን ቶሎ ጨረሰችው። ብዙ የቆየችው ስለ ባቡር ጣቢያው ስትናገር ነው።

በወጣትነቷ ወደ ምሥራቅ ሄዳ በአንድ የባቡር ጣቢያ ሆቴል አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። የአልጋ ልብስ ኃላፊ ነበረች። አንሶላ በከሰል ካውያ ሳይተኮስ አልጋ ላይ አይወጣም። ውጭ ከተሰጣ አቧራ ይይዘዋል ብላ ኮሪደሩ ውስጥ ገመድ አስወጥራ ነበር። የባቡሩ ጩኸት ከሩቅ ሲሰማ ምግብ ቤቱ ሾርባ መቅዳት ይጀምራል፤ ተሳፋሪው ሳይጠግብ ይጠራልና። አንድ ፈረንጅ ደግሞ ከነጫማው ተኝቶ አደረ። ጠዋት አንሶላውን ይዛ ቁርስ ወደሚበላበት ጠረጴዛ ሄዳ አሳየችው።

"ሰውዬው ቀላ" አለችኝ። "ድሮም ቀይ ነበር፤ ባሰበት እንጂ።"

ስትስቅ ሳሏ ተነሣባት። እስኪለቃት ጠበቅኩ።

የሆቴሉ ብቻ ሦስት ገጽ ሞላ። "ከዚህ እንዳትቀንሺ" አለችኝ። "ሌላው የማንም ሴት ታሪክ ነው።"

ልጇ ሶዶ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ያረፈች ዕለት ወረቀቱን ተቀብሎኝ ቆሞ አነበበ። ሆቴሉ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እናቱን በሚገባ ጦሯል። በእኛ አገር ግን ሴት ሆቴል ውስጥ ሠራች ሲባል ሰው የሚያስበው አንሶላ መተኮስን አይደለም። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን።

"አክስቴ፣ የሚስቴ ዘመዶች ይሰማሉ" አለኝ። "ይሄን ይተዉልኝ።"

እህቴ ያለችውን ነገርኩት።

"እሷ አትሰማም" አለና ፊቱን አዞረ።

ልከራከረው እችል ነበር። ልቅሶ ቤት ነው ብዬ ተውኩት። ሦስቱን ገጾች አወጣሁና በቦታቸው "በሥራ ምክንያት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ከቆየች በኋላ" ብዬ ጻፍኩ። ቀብሩ ላይ ሲነበብ አንባቢው እዚያ ጋ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። ቀጥሎ ትዳሯ መጣ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ የልጇ ትልቋ ሴት ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። አያቷ ምሥራቅ ሄዳ ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ ሲነበብ አልገባኝም አለች። አባቷ ወንበር እየቆጠረ ፊት ለፊታችን ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ።

"ሥራ" አልኳት።

ሌላ አልጠየቀችኝም።