«ቡኖ»ን ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ በገባሁ ቁጥር ይህችን አንዲት ኃጢአት ጉሮሮዬ ውስጥ ይዣት እመለሳለሁ። ለማላውቅህ ለአንተ መናገሩ የቀለለኝ ፊትህን ስለማላይ ነው። ፈሪ ነኝ፤ ይህን አስቀድመህ እወቅልኝ።

ቦንጋ ተመድቤ ስመጣ የቢሮው ኮምፒውተር በእኔ ኃላፊነት ሆነ። አብረውኝ የሚጠቀሙበት የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ እትዬ አስቴር ናቸው፤ የአገሩ ሰው። አንድ ቀን አለቃችን፣ «ቡክማርኩን፣ የተቀመጡትን ገጾች፣ አጽዳው፤ የማንም ኮተት ተከምሮበታል» አለኝ። ለሥራ የሚፈለጉትን ገጾች በየፎልደራቸው አደራጀሁ። መሐላቸው «ቡኖ» የሚል አገኘሁ። ቡኖ በካፊኖኖ ቡና ነው፤ ከቋንቋቸው የማውቃት ቃል እሷ ብቻ ነበረች። እትዬ አስቴር በመንግሥት ሰዓት የቡና ዋጋ ይከታተላሉ ብዬ ሳቅሁ። ከፍቼ አየሁት? አላየሁም። ጠየቅኋቸው? አልጠየቅሁም። አጠፋሁት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስቴር የልጃቸውን የምርመራ ውጤት ይዘው ከጅማ ተመለሱ። ትንሿ ሊዲያ የልብ ታማሚ ናት። ለነጻ ቀዶ ሕክምና የምትመዘገብበትን ገጽ አንድ እንግዳ ሐኪም በዚሁ በቢሮው ኮምፒውተር ከፍተውላቸው፣ ውጤቱ ሲመጣ እንዲጨርሱት በልጅቷ የቁልምጫ ስም አስቀምጠውላቸው ኖሯል። ጠይም ስለሆነች እናቷ ቡኖ ይሏታል። ያ ገጽ በሌላ መንገድ አይከፈትም፤ የሐኪሙ ስልክም አልነበራቸውም።

«ልጄ፣ ቡኖዬ የት ሄደች?» አሉኝ።

«መብራት ሲቆራረጥ ጠፍቶ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«እንግዲያ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ያውቃል፤ ነገ መጥቶ ይፈልግልኝ።»

ደነገጥኩ። የተከፈተው ገጽ ሁሉ የሚመዘገብበት ሂስትሪ ውስጥ ገብቼ ገጹን ላወጣው እችል ነበር። «አገኘሁት» ብል ማን ይቆጣኝ ነበር? ይመርቁኝ ነበር እንጂ። ግን ውሸቴ ይጋለጣል ብዬ ፈራሁ፤ እትዬ አስቴር ምሳ ሲወጡ ሂስትሪውን በሙሉ ደመሰስኩት። የመጀመሪያውን ስሕተት በለው። ሁለተኛውን ምን ትለዋለህ? እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ አውቄ ነው ያጠፋሁት። ምዝገባው ያለ ሊዲያ ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ከሰፈራቸው በኩል ለቅሶ ሲሰማ ወጥቼ የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። እትዬ አስቴር ሲያረፍዱ ዓይኔ ከበሩ ላይ አይነቀልም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላልና፣ የማር አገር ተቀምጬ ጠጅ እንኳ ትቻለሁ። ልጅቷ ዳገቱን ስትወጣ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች። አይቻታለሁ። መንገድ ቀይሬ ሄድኩ።

ባለፈው ሳምንት ምዝገባው እንደገና ተከፈተ። እትዬ አስቴር ሊንኩን በስልካቸው ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አንተው አስቀምጥልኝ፣ ልጄ። መብራቱ እንዳይበላብኝ።»

«ስሙን ምን ልበለው?» አልኩ።

«ቡኖ ነዋ!»

ምዝገባውን ጨርሰን፣ ተራዋን የምንከታተልበትን ገጽ በዚያው ስም አስቀመጥኩት። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስገባ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ አለ። ሊዲያ ግን ተራው እስኪደርሳት ትቆያለች? ያን የበላሁባትን ጊዜ ከየት ፈልጌ አወጣዋለሁ? አላውቅም። ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታው የአንተ አይደለም። ይቅርታ የምለምናቸው ሰው አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ተባረክ» ይሉኛል። እኔም «አሜን» እላለሁ።