የአጥንት መስበሪያው ድንጋይ

ጓደኛዬ መመረጧን ስሰማ የምቀርጸው ሙሽራ ደጅ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር። ራሷ ደውላ "አንቺዬ፣ አለፍኩ!" አለችኝ። እኔም እልልታዬን ለቀቅኩላት። እሷ ከስልኩ ማዶ እልልታውን ሰማች፤ ፊቴን ያዩት ግን ሙሽራውና ሚዜዎቹ ናቸው። አንደኛው ሚዜ ጠጋ ብሎ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ አለኝ። ኧረ የደስታ ወሬ ነው አልኩት። እንዲህ ያለውን ደስታ ከእኔ ያርቀው ብሎ አማተበ።

ቀንቼ ነበር። ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም። እንደው ቅር ብሎኝ፣ እንደው ሆድ ብሶኝ እያልኩ ብዙ ጊዜ ላለሳልሰው ሞክሬያለሁ፤ ቅናት ግን ቅናት ነው፤ አንጀት ያሳርራል።

ሰቆጣ ላይ ካሜራ ይዘን የምንዞር ሴቶች ሁለት ነበርን፣ እኔና እሷ። አብረን ተምረን፣ አንድ ፎቶ ቤት አብረን ተቀጥረን ሠርተናል። ኋላ እኔ የራሴን ቪዲዮ ቤት ከፍቼ ሰርግና ክርስትና መቅረጽ ያዝኩ። እሷ ደግሞ ትንሿን ካሜራዋን ይዛ ገደል ለገደል መሄድ ጀመረች። እኔ ሙሽራ ስቀርጽ እሷ ሽኮኮ ትቀርጻለች። ሽኮኮው ሲያገባ ጥሪኝ፣ በቅናሽ እቀርጽልሻለሁ እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷም አብራኝ ትስቅ ነበር።

የተመረጠችው አፍሪካውያን የአገራቸውን አራዊት ታሪክ ራሳቸው እንዲተርኩ ለሚያግዝ ሥልጠና ነው። ትልቅ ሌንስ ያውሳሉ፤ ልምድ ያላት አንዲት ኬንያዊት ፊልም ሠሪ በስልክ እያየች ታርማለች፤ አጭር ፊልም ሠርቶ ያሳመናቸውን ሰው ትልቅ ፊልም ያሠሩታል። ማስታወቂያውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ቅጹንም የሞላነው በእኔ ኮምፒውተር ነው! ይህ ሥልጠና ለእኔ የተቆረጠ ልብስ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አባቴ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ቤታችን ከከተማው ዳር፣ ከአንድ ገደል ሥር ነው። ከገደሉ ጫፍ ላይ እንደ አውድማ የተንጣለለ ድንጋይ አለ። አባቴ የጣሉትን አጥንት አጥንት ሰባሪው አሞራ፣ ያ ጢማሙ፣ በእግሩ ይዞ ሽቅብ ይወጣና ድንጋዩ ላይ ይለቀዋል። ካልተሰበረ እንደገና አንስቶ ይወጣል። ሲሰበር ወርዶ ቅልጥሙን ይበላል። ልጅ ሆኜ የተሰበሩትን እየቆጠርኩ ማታ ለአባቴ እነግራቸው ነበር። ዛሬ ስንት ሰበረ ብለው ሳይጠይቁኝ እራት አይበሉም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የውጭ አገር ፊልም ሠሪዎች ይህንኑ አሞራ ፍለጋ መጡ። ድንጋዩን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የት መደበቅ እንዳለባቸው፣ ነፋሱ ከየት ሲመጣ አሞራው በየት እንደሚዞር የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። አመስግነው፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ፊልሙ ወጥቶ አንድ ሰው በቴሌግራም ሲልክልኝ፣ ሰቆጣን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰውዬ በወፍራም ድምፅ "የሰው እግር ያልደረሰበት ገደል" ይላል። ከአባቴ ጓሮ በላይ! የእናቴ ልብስ ማስጫ ገመድ ከካሜራው በስንዝር ነው ያመለጠው። መጨረሻ ላይ የስም ዝርዝር ይመጣል፤ ምግብ ያበሰለላቸው ሰው ስም ሳይቀር አለ። የእኔ የለም። ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት፤ የለም።

እንግዲህ የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ብዬ ዋጥኩት። ማስታወቂያው ሲመጣ ግን ቀኔ ደረሰ አልኩ። የሠራሁትን ሁሉ አገላብጬ በጣም ንጹሕ የወጣልኝን ሰርግ ላክሁ። እሷ ሦስት ደቂቃ የሽኮኮ ፊልም ላከች፤ ለምን ይህን ሥራ መረጥሽ ለሚለው ደግሞ "ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ" ብላ ጀምራ ጻፈች። አሁን ሳስበው ሰርግ መላኬ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። ለእኔ በሚቀጥለው ዙር ይሞክሩ የሚል ደብዳቤ መጣ። ለእሷ ሌንሱ መጣ። ሌንሱን ሳይ ዓይኔ ደም ለበሰ። የሰው ክንድ ያህላል።

ይባስ ብላ የምሠራው በአጥንት ሰባሪው ላይ ነው አለችኝ። ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ፊልሙን መላክ አለባት፤ አሞራው አጥንት ሲሰብር ካላሳየች ዕድሉ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። ያ ሌላ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም፤ ሌላ አገር ያለ የማላውቀው ሰው ነው። እሷ ብትወድቅ እኔ የማገኘው ነገር የለም። ቅናት ግን ይህን አይጠይቅም።

ቪዲዮ ቤቴ መጥታ ወንበሬ ላይ ተቀመጠችና ያንን የአባትሽን ድንጋይ አሳዪኝ፣ አሞራው መቼ መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ሁዳዴ ከገባ ሦስተኛው ቀን ነበር። ወስጄ ድንጋዩን አሳየኋት። ለውጭ ሰው ያሳየሁትን ለጓደኛዬ ብከለክል ሰው ምን ይለኛል? ፈረንጆቹ የተደበቁበትን ቦታ ሳይቀር አሳየኋት። ጠዋት ጠዋት ይመጣል፣ ጠብቂ አልኳት።

አንድ ነገር ብቻ አልነገርኳትም። ሁዳዴ ሲገባ አሞራው አይመጣም። ሥጋ ቤቱ ሁሉ ይዘጋል፤ የሚታረድ የለም፤ የሚጣል አጥንት የለም። የቅበላ ዕለት ጠግቦ ይበላና ፍየል ከገደል ወድቃ ወደምትሞትበት፣ ወደ ጽጽቃ በኩል ወዳለው በረሃ ይሄዳል። ሃምሳ አምስቱን ቀን ድንጋዩ ባዶ ነው። የሚመለሰው ለፋሲካ ነው፤ የመጀመሪያው ቢላ ሳይሳል እሱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ይህን የሚያውቁ የሥጋ ሻጭ ቤተሰቦች ናቸው። ሌላው ሰው በጾም ቀና ብሎ አሞራ አይቆጥርም።

ሌላ ሰው እንዳትጠይቅ ደግሞ ጾሙ ራሱ አሰረልኝ። እኛ አገር በሁዳዴ ስለ ሥጋ ማውራት ነውር ነው። ጨዋ የሆነች ሴት የተዘጋ ሥጋ ቤት አንኳኩታ አጥንት የት ይጣላል ብላ አትጠይቅም። አባቴማ ካረጁ ወዲህ በጾም ቃሉን ከአፋቸው አያወጡትም፤ ሌላ ሰው ሲያወጣውም ይቆጣሉ። እሷም ይህን ታውቃለች፤ ሰው አክባሪ ናት። ስለዚህ የጠየቀችው እኔን ብቻ ነው።

ሄደች፣ ጠበቀች። ሁልጊዜ ጠዋት ሌንሱን ተሸክማ በቪዲዮ ቤቴ ደጅ ስታልፍ አያታለሁ። እኩለ ቀን ላይ አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት። አልመጣም እንዴ እላታለሁ፤ ዛሬም አልመጣም ትላለች። ነገ ይመጣል እላታለሁ። ቀን በቀን ፊቷ ሲጠቁር እያየሁ በልቤ እሰይ እል ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ለዚያውም በጾም።

ስትወርድ አባቴ ቤት አረፍ ማለት ጀመረች። አባቴ ከቤቱ በስተፀሐይ ካለው ግንብ ሥር ይቀመጣሉ፤ እሷም አጠገባቸው ትቀመጣለች። አንድ ቀን በሶ ይዤላቸው ብሄድ ሁለቱ በኽምጣኛ፣ በአገራችን የአገው ቋንቋ፣ ያወራሉ። እኔ ኽምጣኛ እሰማለሁ፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምመልሰው በአማርኛ ነው፤ ትምህርት ቤት ይስቁብኝ ስለነበር። አባቴም እያደር ከእኔ ጋር በአማርኛ ብቻ ማውራት ለመዱ። በአማርኛ ደግሞ ቁጥብ ናቸው፤ ደህና ነሽ፣ ልጆቹስ፣ ሥራስ፣ በቃ። ከእሷ ጋር እጃቸውን እያወናጨፉ ይስቃሉ። ሌንሱ ቢቀር ይቅር፤ አባቴንም ልትወስድብኝ ነው ወይ አልኩ። በሶውን አስቀምጬ ሳልቀመጥ ተመለስኩ።

ደብረ ዘይት ባለፈ በማግስቱ ቪዲዮ ቤቴ መጣች። ውኃ ስጪኝ አለች፣ ሰጠኋት። ጠጥታ ጨርሳ ብርጭቆውን እንደያዘች ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"አሞራዎቹ የት የሄዱ ይመስልሻል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

የሚያውቅ ሰውስ ታውቂያለሽ አለችኝ። አላውቅም አልኳት። እሺ አለች። ብርጭቆውን አጥባ አስቀመጠችልኝና ሄደች። በማግስቱ በቪዲዮ ቤቴ ደጅ ስታልፍ ቅር የተሰኘች አትመስልም፤ እንዲያውም ቆም ብላ ሰላም አለችኝ። ተስፋ ቆርጣ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያርዳል። ከገደሉ በኩል ያንን ከልጅነቴ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ። ቋ። ትንሽ ቆየና እንደገና ቋ። ቀና ብዬ ሳይ ጢማሙ ክንፉን ዘርግቶ ይወርዳል፤ እሷም እዚያ ላይ ጋቢ ለብሳ እንደተኛች አወቅሁ። አገኘችው ማለት ነው። አለቀስኩ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም።

ፊልሙን ልካ ከርማ አንድ እሁድ በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ለከተማው ሰው ላሳይ ነው አለች። ፕሮጀክተር ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ልቀር አልቻልኩም። አባቴ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው መጡ፤ ከፊት አስቀመጥኳቸውና ማሽኑን ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

ባዶ ድንጋይ መጣ። ረጅም ጊዜ ባዶ ድንጋይ ብቻ። እኔ ይህን ሰርግ ላይ ባደርገው ይደበድቡኛል። ሰው ጉሮሮውን መጠራረግ ጀመረ። ቀጥሎ የተዘጉ ሥጋ ቤቶች መጡ፤ ዝገት የያዘ የሥጋ ማንጠልጠያ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው። እንደገና ባዶው ድንጋይ። ከዚያ የአባቴ እጅ፣ ቀጥሎ ፊታቸው። በኽምጣኛ ይናገራሉ፤ ከሥር በአማርኛ ተጽፏል። ያን ያህል ጊዜ አጠገባቸው ስትቀመጥ አንድም ቀን አጥንት የሚል ቃል አላነሳችም፤ ማንን ነው የምትጠብቂው ብለው የጠየቋት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። አሞራውን ስትላቸው ሳቁ። እሱም ጾሙን ይዟል አሉ። ቅበላን፣ ጽጽቃን፣ ፋሲካን፣ ሁሉን ነገሯት። አሞራውን ከሥጋ ቤታቸው ደንበኛ ሁሉ አብልጠው ይወዱት እንደነበር ነገሯት። እንዲህ ሲያወሩ እኔ ሰምቻቸው አላውቅም። የሺህ ሰው ሰርግ ቀርጫለሁ፤ አባቴን አንድ ቀን ቀርጫቸው አላውቅም።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ አባቴ ወደ ከተማው በእጃቸው እየጠቆሙ፣ "ይህን ከእኔ ይልቅ ልጄ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና የምትቆጥርልኝ እሷ ነች። እሷን ጠይቂያት" አሉ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ደስ ይበልሽ ማለታቸው ነው። ውኃ ስጪኝ ብላ የመጣችው አባቴ ይህን ካሏት በኋላ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባቴ በጆሮዬ፣ "ጠየቀችሽ?" አሉኝ።

"አዎ፣ አባዬ።"

"ነገርሻት?"

"አልነገርኳትም።"

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉና ፊታቸውን ወደ ስክሪኑ መለሱ። አሞራው መጣ፣ አጥንቱን ለቀቀው፣ ቋ አለ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴ አላጨበጨቡም።

መጨረሻው ላይ ስም መጣ። አባቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ምን ይላል አሉኝ። የእሷን ስም አነበብኩላቸው። የኬንያዊቷን አነበብኩላቸው። "የተረኩት" ይላል፣ የእርስዎ ስም ነው አልኳቸው፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእሳቸው ስም ሥር፣ ብቻውን፣ "ድንጋዩን ያሳየችኝ" ይላል። ከጎኑ የእኔ ስም ከነአባቴ ስም በትልቁ ተጽፏል። በፈረንጆቹ ፊልም ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሼ የፈለግሁት ስም።

"ሌላስ?" አሉኝ አባቴ።

"አለቀ፣ አባዬ" አልኳቸው፤ ተነሥቼም ማሽኑን አጠፋሁት።