እንጦጦ ላይ ሆነን ያየነው ጭስ

ባለቤቴን አንድ ቀን ከመርካቶ ለማስወጣት ከተጋባን ጀምሮ ጨቅጭቄዋለሁ። የአገሬ ሰው ከጎጃም ድረስ በእግሩ መጥቶ የሚሳለማትን እንጦጦ ማርያምን፣ የንጉሡንም አሮጌ ቤተ መንግሥት እኔ ከተራራው ሥር ተቀምጬ አላየሁም! እሱ ግን ሱቅ ዘግቶ መዋልን ከሞት አይለየውም። እውነት ለመናገር፣ ያለን ሀብት እዚያች ሱቅ ውስጥ የታጨቀው ጣቃ ጨርቅ ብቻ ነበር።

ለኅዳር ማርያም ተረታልኝ። ቁልፉን ከጎናችን ሰሌን ለሚሸጡት ለሐጂ ሰጣቸውና፣ «ሐጂ፣ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» አላቸው።

«ሂዱ፣ አላህ ይጠብቃል» አሉ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ።

ተሳልመን ወደ ቤተ መንግሥቱ ዞርን። ባለቤቴ የጭቃውን ግድግዳ መታ መታ አድርጎ፣ «ይኼ ነው እንዴ? የኛ ሱቅ ሳይሻል አይቀርም» ብሎ አሳቀኝ። ከባሕር ዛፉ ወጥተን ከተማዋን ቁልቁል ስናይ ግን ባለበት ቆመ። በተክለ ሃይማኖት በኩል ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል።

«ቆሻሻ እያቃጠሉ ይሆናል» አልኩት።

«ኅዳር ከታጠነ ሰነበተ እኮ! መርካቶ ነው።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድነው፤ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። እሱ ፊት ፊቴ ይሮጣል፤ ቆሞ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሱቁ ከተቃጠለ ዕድሜ ልኩን ፊቴን ባየ ቁጥር አመዱ ነው የሚታየው። እመቤቴን ለመንኳት፣ መልሼ ደግሞ ተጣላኋት። ልሳለምሽ ብመጣ እንዲህ ይደረጋል?

ስንደርስ እሳቱ በርዷል። ከመደዳችን ግማሹ ከሰል ሆኗል፤ የእኛም ሱቅ ጣሪያ የለውም። ባለቤቴ ራሱን ይዞ መሬት ላይ ዘጭ አለ። እኔ ነኝ ሐጂን ያየኋቸው። ከመንገዱ ማዶ፣ ጥላሸት መስለው፣ የጣቃ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ጣቃው የእኛ ነው፤ ሁሉም አለ።

«የእርስዎስ፣ ሐጂ? ሰሌኑስ?» አለ ባለቤቴ ተነሥቶ።

በአገጫቸው ወደሚጨሰው አመድ አመለከቱ። «አልደረስኩለትም።»

«ለምን የራስዎን አላስቀደሙም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። በማን እንደተናደድኩ እንጃ።

«የኔ ቢቃጠል የማዝነው እኔው ነኝ። የናንተ ግን አደራ ነው» አሉና ቁልፉን ዘረጉለት።

ባለቤቴ ቁልፉን አልተቀበላቸውም። ጎንበስ አለና፣ ማንም ሳይነግረው፣ ጣቃውን ለሁለት ይከፍል ጀመር።