ስልሳው መጽሐፍ እና ሰላምታ የሌለው ካሴት

ሠላሳ ስድስተኛውን መጽሐፍ ትናንት ጨረስኩ። ሃያ አራት ይቀረኛል።

የመጻሕፍቱ ሊስት ከአልጋዬ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሁለት መስመር አለው፣ አንዱ የኔ፣ አንዱ የጓደኛዬ። የኔው እስከ ሠላሳ ስድስት ድረስ ራይት ተደርጎበታል። የሷ ሠላሳ ላይ ቆሟል። ሠላሳ አንደኛው ላይ፣ በሷ በኩል፣ በቀይ እስክሪብቶ «ወደቀች» ብዬ ጽፌ ነበር። በኋላ በነጭ ቀለም አጠፋሁት። ቀዩ ግን ከሥር ይታያል።

ነገሩ የተጀመረው ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ሳለን ነው። አስተማሪው ስለ አንድ የድሮ ልቦለድ ቀለደና ክላሱ በሙሉ ሳቀ። እኔና እሷ ብቻ ተያየን። ስንወጣ «ሰው ሁሉ አንብቦት እኛ ብቻ ያላነበብነው ስንት መጽሐፍ ይሆን?» አለችኝ። ላይብረሪ ሄደን ጠየቅን። እዚያ የምትሠራው ሴትዮ ቁጭ ብላ ስልሳ ርዕስ ጻፈችልን። በወር አንድ፣ በአምስት ዓመት እንጨርሳለን ተባባልን። አሥሩ የአማርኛ ይሁኑ ብላ ያስቀየረችው ጓደኛዬ ናት። እኔ የአማርኛዎቹን ድሮ ለፈተና ሸምድጃቸዋለሁ፣ ለምን እንደግማቸዋለን ብዬ ተከራከርኩ።

«መሸምደድና ማንበብ አንድ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እሷ እንደዚያ ናት። ቀስ ብላ ታነባለች፣ አንድ ገጽ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኔ እጨርሳለሁ። ነገር ሲጎተት ከልጅነቴ ጀምሮ አልወድም። ደብተር አለኝ፤ ማን ማንን አገባ፣ ማን ሞተ፣ መልእክቱ ምንድነው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ኮሌጅ እያለን ይኼ ልዩነታችን አልጎዳንም። አንድ ባስ ላይ ስለምንሄድ እየተጨቃጨቅን እንደርስ ነበር።

ስንመረቅ እሷ ከተራራው ማዶ ኖርዝ ሆሊውድ ያክስቷ ልጅ ጋ ገባች፣ ላብራቶሪ ውስጥ የሌሊት ሥራ አገኘች። እኔ በዲግሪዬ ሥራ እስካገኝ ብዬ ፌርፋክስ ላይ እትዬ የምላቸው ሴትዮ ሱቅ ገባሁ። እንጀራና በርበሬ እንሸጣለን። ያኔ መንገዱ ላይ የኛ ሰው ሱቅ ሁለት ሦስት ቢሆን ነው። ገዢው ሁሉ ያውቀኛል፣ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ሥራ አገኘሽ? አገባሽ? መኪና ገዛሽ? መልሱ ሁልጊዜ አይ ነው። ምን እያነበብሽ ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሚድ ሲቲ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። እሁድ እሁድ ልብሴን ይዤ ላውንድሪ እገባለሁ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ አርባ ገጽ አነባለሁ፣ አጣጥፌ እመለሳለሁ። ቅዳሜ ማታ የተናገርኩትን የመጨረሻ ቃል ሰኞ ጠዋት እስክቀጥል ድረስ ከአፌ ምንም የማይወጣበት ጊዜ ነበር።

ሶ፣ ድምፃችንን እየቀዳን ካሴት መላላክ ጀመርን። እኔ ስነሳ እሷ ትተኛለች፣ እሷ ስትነሳ እኔ ሱቅ ነኝ፣ በስልክ አልሆነም። ካሴት ደግሞ እናውቃለን፣ ያገራችን ደብዳቤ እሱ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትልክልኝ ሰፈሩ ተሰብስቦ በየተራ ይገባበታል። «እንደምን ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ፣ እኛ እግዜር ይመስገን ደህና ነን፣ ጓደኛሽስ እንዴት ናት፣ ብርዱስ እንዴት አደረገሽ።» እዚህ ምን ብርድ አለ? አንዱ ጎን በሰላምታ ያልቃል። ገልብጬው ዋናው ነገር መጣ ስል ካሴቱም ያበቃል።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። እኔ ነኝ ያወጣሁት። በመጽሐፉ ካሴት ላይ ሰላምታ የለም። ተጫኚ፣ ስለ መጽሐፉ ተናገሪ፣ አጥፊ። እሷ ሳቀችና «ኦኬ፣ አስተማሪዬ» አለች። እትዬ ዓርብ ዓርብ በረጅሟ ስቴሽን ዋገን መኪናቸው እንጀራ ጭነው ተራራውን ተሻግረው በሷ ሰፈር በኩል ላሉት የቫሊ ሱቆች ያደርሳሉ። ካሴቱን ይዘውልኝ ይሄዳሉ፣ የሷን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ዓርብ ከሰዓት መኪናቸው ፓርክ ሲያደርግ ስሰማ ከካውንተሩ ጀርባ ዘልዬ ነበር የምወጣው። ሳምንቱ ለኔ ያ ነበር።

ሠላሳ አንደኛው ወፍራም ነው። ስለ አንዲት እናትና ስለ ልጆቿ ነው፤ ርዕሱን አልናገርም፣ እስካሁን ስሙን መጥራት ያስጠላኛል። የሷ ካሴት ሲመጣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተናግራለች። «አርባ ገጽ ሲቀረኝ አቆምኩት» ትላለች። «እናትየዋ ስትታመም መቀጠል አቃተኝ። ሌላም የምነግርሽ ነበረ፣ ግን ስለ መጽሐፉ አይደለም። ኦኬ፣ ይኸው ነው።»

ሌላ የምትነግሪኝ ምንድነው ብሎ መጠየቅ ነበር። እኔ ተናደድኩ። አርባ ገጽ! ተቀምጬ አንድ ጎን ሙሉ ቀዳሁባት። ሰነፍ አልኳት። ያቺ እናት ከመቶ ገጽ በፊት መሞት ነበረባት፣ ደራሲው ነው ያንዛዛው፣ አልቅሰሽ ጨርሺውና ወደ ሠላሳ ሁለት እንለፍ አልኳት። ከዚያ ስልኬን ነቀልኩ፤ ሠላሳ ሁለተኛውን እስክጨርስ ማንም እንዳይረብሸኝ። ዓርብ ጠዋት ካሴቱን ለእትዬ ሰጠኋቸው። ትንሽ አዩኝና «እንዲያው አንቺ አትሄጂም?» አሉኝ። የት ነው የምሄደው? እንጀራ ለማድረስ አብረሽኝ ነይ ያሉኝ መስሎኝ «ሱቁን ማን ይጠብቃል?» አልኳቸው። ካሴቱን ይዘው ወጡ።

በሚቀጥለው ዓርብ ከሷ ካሴት አልመጣም። በሌላውም አልመጣም። ስልኬን መልሼ ሰክቼዋለሁ፣ ግን እኔም አልደወልኩም፣ ጥፋቱ የሷ ነውና እሷ ትደውል። በሦስተኛው ዓርብ ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁ። እትዬም ተለውጠውብኛል። «ልጄ» ማለቱን ተዉና «በርበሬውን መዝኚ፣ በሩን ዝጊ» ብቻ ሆነ። ካውንተር ላይ ስለማነብ ነው ብዬ መጽሐፉን ከረጢቴ ውስጥ ደበቅኩ።

አንድ ማክሰኞ ሱቁ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ፌስታል እያጣጠፉ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ለመሆኑ ታረቃችሁ?» አሉኝ።

«ከማን ጋር?»

«ከጓደኛሽ ጋ ነዋ። የተጣላ ሰው እንኳ ለቅሶ ይደርሳል እኮ። እኔ እንዲህ ዓይነት ልጅ አትመስይኝም ነበር።»

«የምን ለቅሶ? እትዬ፣ ማን ነው የሞተው?»

ፌስታሉን አስቀመጡት። ፊቴን አዩት። «አላወቅሽም?» አሉ ቀስ ብለው። «እናቷ ናቸዋ። ያክስቷ ልጅ ሌት ተቀን ደወልኩላት፣ አታነሳም አለችኝ። መርዶውን የተረዳች ጊዜ እኮ አንቺን ነው መጀመሪያ የጠራችው።»

እኔ ያኔ ስልኬን ነቅዬ ሠላሳ ሁለተኛውን እያነበብኩ ነው።

«ካሴቱስ?» አልኳቸው። «የሰጠሁዎት ካሴት?»

እትዬ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ማጽናኛ ነው ብዬ ነዋ። አብራት የተማረች ጓደኛዋ መምጣት ባትችል ቃሏን ላከች ብዬ ለቀስተኛው መሀል ሰጠኋት። እሷ ከእንባዋ የተነሳ ማየት ስላልቻለች ያክስቷ ልጅ ተቀብላ ቴፑ ውስጥ ከተተችው። ሰው ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ አንቺ ጀመርሽ።»

«ስለ መጽሐፍ እኮ ነው ያወራሁት!»

«ስለ መጽሐፍ መሆኑማ ገብቶናል። እሱ ነው የባሰው።»

እሁድ በሁለት ባስ ኖርዝ ሆሊውድ ሄድኩ። ያን ቀን መጽሐፍ አልያዝኩም፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ። በመስኮቱ እያየሁ ሄድኩ፣ የት እንዳለሁ ሁሉ ጠፋብኝ። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ። ጥቁር ለብሳለች፣ ከስታለች። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። «አሜን» አለች። ገባሁ። ወንበሮቹ ወደየቦታቸው ተመልሰዋል፣ የለቅሶ ቤትነቱ አልቋል። ሰው መጥቶ ሄዶ፣ በልቶ አጽናንቶ፣ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ የደረስኩ እኔ ነኝ። አብሬያት ላለቅስ ነበር የሄድኩት፣ እሷ ግን አልቅሳ ጨርሳለች። ብቻዬን ማልቀስ አፈርኩ።

«ካሴቱን...» አልኩ።

«ሰምተነዋል።» ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ሊያስቃትም ሊያስለቅሳትም ነው። «እኔ ነኝ ያስቀጠልኩት እንዳትይ፣ ያክስቴ ልጅ ናት እንጂ። እኔ አጥፊው ስላት እሷ፣ ቆይ፣ ሰላምታው መጨረሻ ላይ ይሆናል አለች። ሽማግሌዎቹም ቆዩ፣ ቆዩ አሉ። ጎኑ እስኪያልቅ አዳመጥንሽ።»

«ሰላምታ እንዳይኖር ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እናቴ መታመሟን ልነግርሽ ሦስት ካሴት ሞከርኩ። የት ጋ እንደማስገባው አጣሁ።»

ይቅርታ አልኳት። ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። ይቅር ብዬሻለሁ አለችኝ፣ እውነቷንም ነው፣ እሷ ውሸት አትችልም። ሻይ አፈላችልኝ። ልወጣ ስል፣ እኔም አላስችል ብሎኝ፣ «ሊስቱን ትቀጥያለሽ አይደል?» አልኳት። ይኼን መጠየቄ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

«ማንበቡን አልተውኩም» አለች። «ካንቺ ጋ ማንበቡን ነው የተውኩት።»

ከዚያ ወዲህ አራት መጽሐፍ አንብቤያለሁ። ፍጥነቴን አልቀነስኩም፣ እንዲያውም ጨምሬያለሁ፤ የሚያቆመኝ የለማ። ሠላሳ አራተኛው ጥሩ ነበር። ሠላሳ አምስተኛው ላይ አንድ ቦታ ሳቅኩና ቀና ብዬ ሰው ፈለግኩ። ደብተሬን ከመጀመሪያው ጀምሮ ገለጥኩት። ማን እንደሞተ ሁሉም ተጽፏል። ስለ እኔ ግን አንድ መስመር የለም፤ የቱ ጋ እንዳለቀስኩ፣ የቱን እንደጠላሁ፣ የት ቁጭ ብዬ እንዳነበብኩት አይናገርም። የማን ደብተር እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቢያገኘው የመምህር ነው የሚለው።

በየወሩ ካሴት እልክላታለሁ። አሁን ሰላምታ ብቻ ነው። እንደምን ነሽ፣ ያክስትሽ ልጅ እንዴት ናት፣ ሥራው እንዴት ነው፣ እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ እላለሁ። መጀመሪያ አንደበቴ አልታዘዝ ብሎኝ ሦስት ደቂቃ ነበር የምደርሰው። አሁን አንድ ጎን ይሞላል። እትዬ ይወስዱታል፤ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ «ሥራ በዝቶባት ነው ልጄ» ይሉኛል።

ባለፈው ዓርብ ግን መኪናቸው ውስጥ ሆነው በመስኮት ካሴት አወዛወዙልኝ። የራሴው ካሴት ነው፣ በራሴ ጽሑፍ። ቤት ስደርስ ጫማዬን ሳላወልቅ ከፈትኩት።

«ደህና ነኝ» ትላለች። ካሴቱ ሲዞር ይሰማል። «አንቺስ?»

ከዚያ ቋ ይላል፣ አጠፋችው። የቀዳችበት መጀመሪያው ላይ ብቻ ስለሆነ ያልነካችው የኔ ድምፅ ከመሀል ይቀጥላል፤ «...እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ፣ ምግብስ ትበያለሽ ወይ» እያልኩ፣ ሃያ ምናምን ደቂቃ፣ ማንም ሳይመልስልኝ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ድምፄ የችኮላ ነው። ሰላምታውንም እንደ መጽሐፉ ለመጨረስ የምሮጥ ይመስላል።

ዛሬ እሁድ ከሰዓት መልሱን ልቀዳ ተቀመጥኩ። ሠላሳ ስድስተኛውን ስለጨረስኩ የምናገረው ሞልቶኛል፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ። ግን የተጠየቅኩት ሌላ ነው። አንቺስ ነው ያለችኝ። ቀዩን የመቅጃ ቁልፍ ተጫንኩት። ካሴቱ ይዞራል። ከውጭ ባስ ሲያልፍ ይሰማል፣ እሱም ገብቶበታል። አላጠፋሁትም፣ ወደ ኋላም አልመለስኩትም።

«እኔ...» አልኩ፣ እና ጠበቅኩ።