አልለቅ ያለች «ቱ»

አዛውንቱ ዘበኛ ወደ ጎልማሶቹ የእንግሊዝኛ ክፍል ከሁሉ ቀድመው ይገባሉ፤ ከሁሉም ኋላ ይወጣሉ። የእንቅስቃሴ መስተዋድዶችን ከወጣቶቹ ይልቅ አጥርተው ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላ ሰው መግባትና መውጣት ሲጠብቁ ኖረዋልና። አንዲት ስሕተት ብቻ አልለቅ አለቻቸው፤ «ወደ ቤት እሄዳለሁ» ብለው በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ከ«ሆም» በፊት «ቱ»ን ይሰነቅራሉ። መምህርቷ ዛሬም በቀይ ሰረዘችባቸው።

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎ? እንግሊዝ ቤቱ ሲሄድ ‹ቱ› አይልም።»

«እሱማ ቤቱ የሚጠብቀው አለ፣ ልጄ። እኔ ‹ቱ› ካልገፋችኝ አልደርስም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እርሷም ሳቀች። ሁሉም ከወጡ በኋላ ግን አዛውንቱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በወለቀው ቁልፍ ፈንታ ሽቦ ሲጠመዝዙ አየች። ቀይ እስክሪብቶዋን ከደነችና «ቀስ ብለው ይልበሱ፣ አባባ፤ እኔም አልቸኩልም» አለቻቸው።